በልጅ ላይ ከመፍረድህ በፊት

ስለ ሰው አካልና ስለ ጠባዩ የቀረበ ትምህርት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ልጆች አሉ እንበል። አንደኛው ሲጠሩት አይመልስም። ሁለተኛዪቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ብትመላለስም ፊደል አልለየችም። ሦስተኛው ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ጐረምሳ ነው፤ ማታ አይተኛም፤ ጧት አይነሣም፤ በትንሽ ነገርም ይቈጣል። ጎረቤት ሁሉ ስለ እነዚህ ልጆች ፍርድ አለው። የመጀመሪያው እልኸኛ፣ ሁለተኛዪቱ ሰነፍ፣ ሦስተኛውም ባለጌ ይባላሉ። አንዳንዱም ርግማን ነው፣ የሰው ዓይን ነው ይላል። አባት በትር ያነሣል፤ እናትም በስውር ታለቅሳለች። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የዚህ ልጅ አካሉ እንዴት ነው?» የሚል ነው።

ይህች አነስተኛ ጽሑፍ ስለዚህ ጥያቄ ተዘጋጀች። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳና በጎፋ፣ በለቡና በጀሞ፣ በሐና ማርያምም ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ሁሉ ትጠቅማለች ብለን እናምናለን። የምታስተምረውም ነገር አንድ ነው። የሰው ጠባይ ከአካሉ ተለይቶ አይኖርም፤ አካሉም ሌሎች ሰዎች ካደረጉለትና ካደረጉበት ነገር ተለይቶ አያድግም። ይህን የሚያውቅ ሰው ለመፍረድ ይዘገያል፤ ለመርዳት ግን ይፈጥናል። በምታነብበትም ጊዜ ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው እንደ አገራችን አቈጣጠር፣ እ.ኤ.አ. የተባለውም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስተውል።

አንደኛ፤ ስለ ዘርና ስለ መሬት

ሰው በሚፀነስበት ጊዜ ከአባቱ 23፣ ከእናቱም 23፣ በጠቅላላው 46 ክሮሞሶም ይቀበላል። እነዚህም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሮች ሲሆኑ ዘረ መል የሚባለውን የአካል ትእዛዝ ይሸከማሉ። የዓይን ቀለምና የደም ዓይነት በዚህ ትእዛዝ ይወሰናል። ጠባይም ቢሆን ከዚህ ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ ከአንድ እናትና አባት ተወልደው በአንድ ማዕድ ካደጉት ልጆች አንዱ ዓይነ አፋር፣ ሌላው ደፋር ሆኖ የሚገኘው በከፊል ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ዘር ብቻውን ሰብል አይሆንም። ከአንድ ጐተራ የወጣ ጤፍ በአድአ ጥቁር መሬት ላይ ሲዘራና በድንጋያማ ተረተር ላይ ሲዘራ ፍሬው እኩል አይደለም። አስተዋይ ገበሬም አዝመራው ባነሰ ጊዜ ጤፉን አይረግምም፤ መሬቱንና ዝናሙን ይመረምራል እንጂ። ለሰው ልጅ የመጀመሪያው መሬት የእናቱ ማሕፀን ነው፤ ሁለተኛው የእናቱ ጡትና የቤቱ ማዕድ ነው፤ ሦስተኛውም የቤቱ ሰላም ነው። እነዚህን አንድ በአንድ እንመልከት።

ሁለተኛ፤ ስለ አንዲት ቍንጥር ጨው

በጕሮሮአችን ፊት ታይሮይድ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። የእርስዋም ሥራ የአካልን እድገትና የአንጎልን መሠራት የሚያዝዘውን ሆርሞን ማመንጨት ነው። ለዚህም ሥራ አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል። የሚያስፈልጋትም እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚበቃው አዮዲን ቢሰበሰብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ይህ ጥቂት ነገር ሲታጣ ዕጢይቱ እያበጠች ትሄዳለች፤ አባቶቻችን እንቅርት ያሉትም ይህ ነው። በደጋ አገራችን ዝናም ለብዙ ዘመናት አፈሩን ስላጠበው አዮዲኑ ከመሬቱ ተወስዷል፤ ስለዚህ ከመሬቱ በበቀለው እህልም ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

እንቅርት በአንገት ላይ ይታያል፤ ከእርሱ የሚብሰው ጉዳት ግን አይታይም። ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን ባጣች ጊዜ በማሕፀንዋ ያለው ሕፃን አንጎሉ እንደሚገባ አይሠራም። ሕፃኑ ሲወለድ ደኅና መስሎ ይታያል፤ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ግን ነገር ለመያዝ ይቸገራል። ጉዳቱ የጸና እንደ ሆነም መስማትና መናገር ይሳነዋል፤ ቁመቱም ይቀነጭራል። አንባቢ ሆይ፤ ሰነፍ የተባለችውን ሁለተኛዪቱን ልጅ አስብ። ስንፍናዋ ከመወለድዋ በፊት በባዶ ጨው የተጀመረ ሊሆን ይችላልና።

የአገራችን የጨው ታሪክም ይህን ይገልጣል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ የምትበላው ጨው አብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳር ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውም በአፋር በአፍዴራ በሚመረተው፣ ያን ጊዜ አዮዲን ባልተጨመረበት ጨው ተሞላ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ በልዩ ልዩ ክልሎች በትምህርት ዕድሜ ያሉ ልጆች ሲመረመሩ ከዐሥሩ አራት ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። መንግሥትም በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አዘዘ። የነጋዴዎች መንገድ ሲዘጋ የሕፃናት አንጎል እንደሚጐዳ ማን ያስብ ነበር?

ደንቡ ግን እስከ ማጀት ድረስ ገብቶ ወጥ አይሠራም። ስለዚህ አዮዲን እንዳለበት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጨው ግዛ። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይጠፋልና ጨውህን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ አስቀምጠው። ወጥ ከበሰለ በኋላ በመጨረሻው ጨው መጨመር ይሻላል። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የለበትም፤ ለአንድ ልጅ ግን የአእምሮ ስንቅ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ረኃብና ስለ መጠጥ

የሕፃን አንጎል በሁለት ዓመት ዕድሜው ከአዋቂ ሰው አንጎል ሦስት አራተኛ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ዓመት ፍጻሜ ያለው ጊዜ እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ግድግዳው ካለቀ በኋላ መሠረቱን ማስተካከል እጅግ ይከብዳል።

የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ለዚህ ምስክር ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ረኃቡ በጸናበት ጊዜ ከ36 ወር በታች የነበሩትንና ከሞት የተረፉትን የገጠር ልጆች ካደጉ በኋላ አጥንተው በ2014 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። እነዚያ ልጆች ረኃቡ ካላገኛቸው ይልቅ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር አጥረው ተገኙ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የመፈጸም ዕድላቸውም አነሰ። ረኃቡ ካለፈ፣ ዝናምም ከዘነመ በኋላ እንኳ፣ የዚያ ዘመን ክፉነት በአካላቸው ውስጥ ተጽፎ ቀረ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ትምህርቱን ስላቋረጠ ሰነፍ ብለን ብንሰድበው በደል አይሆንብንምን?

መጠጥም እንደዚሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የምትጠጣው አረቄ፣ ጠጅ ወይም ቢራ ከደምዋ ጋር ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የፅንሱ ጕበት ግን ገና ለጋ ነውና አልኮሉን ሊያስወግደው አይችልም። በዚህ ምክንያት የተጐዳ ልጅ ካደገ በኋላ ረጋ ብሎ መቀመጥ፣ የተነገረውን ማስታወስ፣ የሥራውንም ፍሬ አስቀድሞ ማየት ይቸግረዋል። ለነፍሰ ጡር የማይጐዳ የመጠጥ ልክ ተብሎ የታወቀ የለም፤ ስለዚህ ፈጽሞ መተው ይገባል። ባል ሆይ፤ ይህ ምክር ለሚስትህ ብቻ የተነገረ አይምሰልህ። አንተ በቤት ውስጥ እየጠጣህ እርስዋን ብቻ «አትጠጪ» ብትላት ሸክሙን ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ጫንህ ማለት ነው።

አራተኛ፤ ስለማይሰማ ጆሮ

አሁን ደግሞ ሲጠሩት ወደማይመልሰው ልጅ እንመለስ። በቋንቋችን ደንቆሮ የሚለው ቃል መስማት ለተሳነውም፣ ነገር ለማይገባውም ሰው ይነገራል። በዚህ በአንድ ቃል ምክንያት ስንት ብሩህ አእምሮ ተንቆ ቀርቶ ይሆን? ጆሮ የተዘጋበት ልጅ አእምሮው አልተዘጋም፤ ቋንቋ የሚገባበትን በር ብቻ አጥቷል።

የመስማት መሳን አንዳንድ ጊዜ በዘር ይወረሳል፤ አንዳንድ ጊዜም በማጅራት ገትር፣ በኩፍኝ፣ ወይም ሳይታከም በቆየ የጆሮ መግል ይመጣል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚፈልገውን በቃል መናገር ስለማይችል ይጮኻል፤ ይማታል፤ ዕቃ ይሰብራል። ይህን ያየ ሰው ጠባዩ ክፉ ነው ይላል። በእውነት ግን ቋንቋ ያጣ ልብ የሚያሰማው ጩኸት ነው።

በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የቆመ ትምህርት ቤት አለ፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአሜሪካ በመጡ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ተመሠረተ። የምልክት ቋንቋ የሚማር ልጅ በእጁ ይጠይቃል፤ በእጁ ይቀልዳል፤ በእጁም ይቅርታ ይለምናል። ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ የምልክት ቋንቋ ያዩ እንደ ሆነ፣ የሚሰሙ ሕፃናት በአፋቸው እንደሚንተባተቡ እነርሱም በጣታቸው ይንተባተባሉ። አንጎል ቋንቋን ይሻል እንጂ በጆሮም ይግባ በዓይን አያዳላም። ነገር ግን ይህ በር በሰፊው ተከፍቶ የሚቆየው በልጅነት ነው፤ ያለ ቋንቋ ያደገ ሰው ከጐለመሰ በኋላ ቢማር እጅግ ይደክማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2008 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር መጀመሩ ይህ ቋንቋ እንደ ሌሎች ቋንቋዎች ሙሉ መሆኑን ያስረዳል።

እናት ሆይ፤ አራስ ልጅሽ በብርቱ ድምፅ ካልደነገጠ፣ በስድስት ወሩ ድምፅ ወደ መጣበት ካልዞረ፣ ዓመት ሲሞላውም አንድ ቃል ለማለት ካልሞከረ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ከጆሮው መግል ቢፈስስ በራሱ ይድናል ብለሽ አትቈዪ። መስማት የተሳነው መሆኑ ቢታወቅም ልጅሽ ጠፋ ማለት አይደለም። ቋንቋውን አብረሽው ተማሪ።

አምስተኛ፤ ስለ ተሰወሩ ልጆች

የሚሰማ ሆኖ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በሰው ዓይን ማየት የሚከብደው፣ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያደርግ፣ በድምፅና በግርግር የሚታወክ ልጅም አለ። ይህ ኦቲዝም ይባላል፤ አንጎል ከፅንስ ጀምሮ በሌላ መንገድ በመሠራቱ የሚሆን ነው። በአገራችን ብዙ ቤተ ሰቦች እንዲህ ያሉትን ልጆች ከሰው ዓይን ሰውረው፣ አንዳንዶቹም አስረው በጓዳ አኖሩአቸው። ይህን ያደረጉት ሁሉ ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ የሰውን አፍ ስለ ፈሩ ነው እንጂ።

በእናት ላይ መፍረድ የእኛ አገር ጥፋት ብቻ እንዳይመስልህ። በአሜሪካ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተማሩ ሐኪሞች እንኳ ኦቲዝም የሚመጣው እናት ልጅዋን በፍቅር ስላላቀፈች ነው እያሉ ብዙ እናቶችን አሳዘኑ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በብሪታንያ መንታ ልጆችን መርምረው ነገሩ ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ፤ ያም ክስ እያደር ወደቀ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሲሆኑ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ፤ ልጃቸውን ሳይሰውሩ በአደባባይ ስለ እርሱ በመናገራቸውም ብዙ እናቶች የተዘጋ በራቸውን ከፈቱ።

በወንጌል ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የተጻፈውን የምታውቅ ክርስቲያን ሆይ፤ «ማን በደለ?» ብለው ለጠየቁት የተሰጣቸው መልስ ልጁንም ወላጆቹንም የሚከስ አልነበረም። እንግዲህ በእኛ ሰፈር ያንኑ ጥያቄ እንደ ገና የምንጠይቅ ለምንድር ነው?

ስድስተኛ፤ ስለ ጕርምስና

ይህ ክፍለ ከተማ በስሙ ነፋስ ስልክ የሚለውን ይዟል፤ ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት ማስተላለፍ ማለት ነው። በአካላችንም ውስጥ እንደዚህ ያለ መልእክት አለ። ሆርሞን ከዕጢ ይወጣል፤ በደም ውስጥ ይጓዛል፤ ከሩቅ ያለውንም ሥጋ ያዝዛል፤ ባለቤቱ ግን ድምፁን አይሰማም። በጕርምስና ጊዜ ይህ መልእክት ይበረታል። የልጁ ድምፅ ይጐረንናል፤ የልጃገረዲቱ ወር አበባ ይመጣል፤ ስሜታቸውም ከትናንቱ ይልቅ ይግላል።

ከዚህም ጋር ስሜትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይበረታል፤ ልጓም የሚሆነው፣ በግንባር በኩል ያለው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። ፈረሱ ጐልብቶ ልጓሙ ገና እየተሠራ ነው ማለት ነው። የእንቅልፉም ሰዓት በተፈጥሮ ወደ ኋላ ይገፋል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ሲያስፈልገው፣ እንቅልፉ በጊዜ አይመጣለትም፤ ትምህርት ቤት ግን በማለዳ ይጠብቀዋል። በሌሊት የሚያበራ ስልክ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል።

ይህን ስንል ጐረምሳ የወደደውን ያድርግ ማለታችን አይደለም። ልጓሙ እስኪበስል ድረስ የአባትና የእናት እጅ ልጓም ሊሆነው ይገባል፤ ልጓም ግን ጅራፍ አይደለም። በተቈጣበት ሰዓት አትምከረው፤ ሲበርድ ምከረው። ስልኩ ሌሊት ከመኝታው እንዲርቅ አድርግ። ለሴት ልጅህም በአካልዋ የሚሆነው ነገር እንዳያስደነግጣት እናትዋ አስቀድማ በግልጽ ትንገራት።

ሰባተኛ፤ እንግዲህ ማንም አይጠየቅምን?

ምናልባት እንዲህ ትል ይሆናል፤ «ሁሉ በአካል የሚሆን ከሆነ ሰካራሙም ቁጡውም በሥራቸው አይጠየቁም።» እንዲህ አይደለም። አካል ዝንባሌን ይሰጣል፤ ሥራውን ግን አይፈጽምም። ስለ መንታ ልጆች የተደረጉ ምርመራዎች በመጠጥ ለመያዝ ካለው ዝንባሌ ግማሽ ያህሉ በዘር እንደሚመጣ ያሳያሉ። አባቱ በመጠጥ የተያዘ ሰው ይህን ቢያውቅ «ዕጣዬ ነው» ብሎ ወደ መጠጥ ቤት አይሂድ፤ «እኔ ከሌላው ይልቅ ከመጀመሪያው ብርጭቆ መራቅ አለብኝ» ይበል እንጂ። ዕውቀት ግዴታን ያበዛል እንጂ አያስቀርም።

ከሁሉም በላይ ልብ ልትለው የሚገባህ ነገር ይህ ነው። የልጅህ አካል ጠባዩን የሚሠራ ከሆነ፣ የአንተ ጠባይ ደግሞ የልጅህን አካል ይሠራል። ዘወትር ዱላ በሚነሣበት ቤት የሚያድግ ልጅ አካሉ በፍርሃት ሆርሞን ይሞላል፤ አንጎሉም አደጋን ለመጠበቅ ይለምዳል እንጂ ትምህርትን ለመቀበል አይመችም። በሩ ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ጓደኛው ሳያስበው ቢነካው ይማታል። አባቱም «ይህ ልጅ ከማን ወረሰው?» ብሎ ይደነቃል። ከዘሩ ብቻ ሳይሆን ከዱላውም ወርሶታል። እንደዚሁም በለሰለሰ ቃልና በማይቋረጥ ፍቅር ያደገ ልጅ አካሉ ይረጋል፤ ክፉ ቀን ያየም ልጅ አንድ የታመነ ሰው ባገኘ ጊዜ ብዙ ያገግማል። መምህርም፣ አያትም፣ ጎረቤትም ያ የታመነ ሰው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ በልጅ ላይ እጅህን ወይም ቃልህን ከማንሣትህ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቅ። ይሰማልን፣ ያያልን? በልቷልን፣ ተኝቷልን? ዕድሜው ስንት ነው፣ የምጠይቀውስ ነገር ለዕድሜው ይገባልን? የሚፈራውስ ማንን ነው? ለእነዚህ መልስ ካገኘህ በኋላ የሚቀር ጥፋት ቢኖር በትዕግሥት አርመው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚቀረው ጥቂት ሆኖ ታገኘዋለህ።

በጎረቤትህም በር ኋላ የተሰወረ ልጅ እንዳለ ብታውቅ ሐሜተኛ ሆነህ አትሂድ፤ ወዳጅ ሆነህ ሂድ። ቡና ሲፈላ ተቀመጥ፤ የልጁን ስም ጠይቅ፤ በስሙም ጥራው። እናቲቱ ፊትህን አይታ ፍርድ እንደሌለብህ ባወቀች ጊዜ፣ ልጅዋን ወደ ሐኪምና ወደ ትምህርት ቤት ለማውጣት የሚበቃ ድፍረት ታገኛለች።